ከስኪማቲክ ወደ ዕቃ ዝርዝር፦ በጅማ ላለች ተመራቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄሽን ላሳጥረው። በጅማ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የኤሌክትሪካልና ኮምፒውተር ምህንድስና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነሽ። ለቡና እርጥበት መለኪያ በኪካድ (የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ መንደፊያ ሶፍትዌር) የነደፍሽውን ቦርድ ይዘሽ ሥራ ስታመለክቺ፣ ቀጣሪው መጀመሪያ የዕቃ ዝርዝሩን ጠየቀሽ። አንቺም ከስኪማቲኩ (ከሰርኪዩቱ ሥዕል) በዓይንሽ እየለቀምሽ ኤክሴል ላይ ጽፈሽ ላክሽ። አሁን «ይህ የግዥ ሠራተኛ ሥራ አይደለም ወይ?» ትያለሽ።

አይደለም፣ እህቴ። ዝርዝሩ የሚያሳየው ንድፉን አይቶ የማያውቅ ሰው አንቺ ጋ ሳይደውል ዕቃውን በሙሉ ገዝቶ መመለስ ይችል እንደሆነ ነው። ጅማ ሆነሽ ደግሞ ጉዳዩ ቀላል አይደለም፤ የተረሳ አንድ ኮኔክተር 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አዲስ አበባ ከተገኘ፣ ቦርዱ ጠረጴዛ ላይ ይሰነብታል።

ስለዚህ በእጅ መልቀሙን ተዪው። ኪካድ 8 ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ ስሪት ካለሽ፣ ስኪማቲኩን ከፍተሽ «ቱልስ» ውስጥ «ጀነሬት ቢል ኦፍ ማቴሪያልስ» የሚለውን ጫኚ። የሁሉም ዕቃ መረጃ በአንድ ሰንጠረዥ ይወጣል። ከቦርድ አርታኢው የሚወጣው ዝርዝር አንቺ የጨመርሻቸውን ዓምዶች ስለማይይዝ ከስኪማቲኩ አውጪ። ከዚያ በፊት ግን ቦርዱን ከስኪማቲኩ ጋር አዛምጂ። አለበለዚያ ፉትፕሪንት (ዕቃው ቦርዱ ላይ የሚበየድበትን ቅርጽ) ቀይረሽ ከሆነ የሚገዛው ዕቃ ቦርዱ ላይ አይቀመጥም።

ሰንጠረዡ ሲከፈት ዝርዝሩን ወዲያው አታውጪ፤ ዋናው ሥራ እዚህ ነው። ካፓሲተሮቹን ተመልከቺ። ሲ1 ላይ «100 ናኖ»፣ ሲ4 ላይ «0.1 ማይክሮ»፣ ሲ7 ላይ «100 ናኖፋራድ» ብለሽ ጽፈሽ ይሆናል። ሦስቱም አንድ ዕቃ ናቸው፤ ሶፍትዌሩ ግን የሚያወዳድረው ፊደሉን ስለሆነ ሦስት መስመር ያደርጋቸዋል። አንድ አጻጻፍ መርጠሽ አስተካክዪ፤ በዋጋና በፉትፕሪንት ሲቧደኑ መስመሮቹ ይገጣጠማሉ። «ዋጋ» ስል ብሩን ሳይሆን የኦሙንና የፋራዱን መጠን ነው።

ቀጥሎ ዓምዶች ጨምሪ፦ የአምራቹ ስም፣ የአምራቹ መለያ ቁጥር፣ የሚችለው ቮልት፣ ቶለራንስ (ከተጻፈው መጠን ሊለይ የሚችልበት ወሰን)። «10 ማይክሮ» ብቻ የሚል መስመር ገዥውን የ6.3 ቮልት ይግዛ የ25 አይነግረውም። ለቮልት መቆጣጠሪያው «ኤኤምኤስ1117» ብቻ ካልሽም ሻጩ የ3.3 ቮልቱን ሊሰጠው ይችላል፣ የ5 ቮልቱንም። በተቧደነ መስመር ላይ አንዴ የጻፍሽው ለሁሉም ይደርሳል።

የመጠን ስምም ያሳስታል። በኢንች አጠራር 0603 የሚባለው 1.6 በ0.8 ሚሊ ሜትር ነው። በሜትሪክ አጠራር 0603 ግን 0.6 በ0.3 ሚሊ ሜትር ነው፤ እሱን በተራ ካውያ መበየድ ጭንቅ ነው። የትኛውን እንደምትዪ ጻፊ።

የብሎን ቀዳዳና መፈተሻ ነጥብ አይገዙምና ከንብረታቸው ውስጥ ከዝርዝር እንዲወጡ ምልክት አድርጊ። በተቃራኒው ስኪማቲክ ላይ የሌለ ግን የሚገዛ ዕቃ አለ፤ የኤቲሜጋ328ፒ ማይክሮኮንትሮለር ባለ 28 እግር ሶኬት፣ ባትሪው፣ ሳጥኑ፣ ብሎኑ። ብዙ ተማሪ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ለብቻቸው ከታች ጨምሪያቸው።

ዝርዝሩ የሚወጣበትን የሲኤስቪ ፋይል (ዓምዶቹ በኮማ የተለዩ ጽሑፍ) ኤክሴል ላይ በቀጥታ ጠቅ አድርገሽ አትክፈቺ። ለመጠን የራስሽ ዓምድ ካለሽ 0603 መሪ ዜሮውን ጥሎ 603 ይሆናል፤ የኦምና የማይክሮ ምልክቶችም ሊበላሹ ይችላሉ። «ዳታ» ውስጥ ከጽሑፍ ፋይል የሚያስገባውን መርጠሽ፣ ኢንኮዲንጉን ዩቲኤፍ-8፣ ዓምዱን ጽሑፍ አድርጊው።

ዝርዝሩ ላይ የሚወጣው ብዛት የአንድ ቦርድ ነው። 5 ቦርድ የምትሠሪና በእያንዳንዱ 12 ባለ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ካለ 60 ያስፈልግሻል፤ ትንንሾቹ ከወረንጦ እየፈነጠሩ ስለሚጠፉ 70 ወይም 80 ጻፊ። ለአይሲ (እንደ ኤቲሜጋው ላለ ቺፕ) አንድ ወይም ሁለት መጠባበቂያ ይበቃል።

ስትጨርሺ ወረቀቱን ንድፉን ላላየ የክፍል ጓደኛሽ ስጪውና እያንዳንዱን ዕቃ በሻጭ ድረ ገጽ እንዲፈልግ አድርጊ። በጠየቀሽ ቁጥር አንድ ሕዋስ ጎድሏል ማለት ነው፤ እሱን ሙዪ።

የመጀመሪያውን ዝርዝር ልከሻል ብለሽ አትሸማቀቂ። ለቀጣሪው «የተስተካከለ ዝርዝር፣ ስሪት 2» ብለሽ ከቀኑ ጋር ላኪ፤ ምን እንደቀየርሽና ለምን እንደቀየርሽ በሦስት መስመር ጻፊ። ለቃለ መጠይቅ ከጠሩሽ ከ0.1 ማይክሮው መስመር ጀምሪ፤ ስኪማቲኩንም ላፕቶፕሽ ላይ ከፍተሽ ያዢ።