ጎተራው ሞልቶ ልጅ እንዳይቀነጭር፦ ለጣና ዳር ወጣቶች

ልጆቼ፣

ዕድሜዬን የጨረስኩት በጣና ዙሪያ ባሉ ጤና ጣቢያዎች ሕፃናትን ስመዝን፣ እናቶችን ሳማክር ነው። ሙያዬ ሥነ ምግብ ነው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም አንድ ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል፤ እሱን ለእናንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ ብዬ ነው የምጽፈው።

ጎጃም ጤፍና በቆሎ ለሌላው ይተርፋል። ፎገራ በሩዙና በላሞቹ የታወቀ ነው፣ ጣና ደግሞ ቆሮሶና አምባዛ የሚባሉትን አሳዎች ይሰጠናል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ግን በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶው ቀንጭረው፣ ማለትም ለዕድሜያቸው ከሚጠበቀው ቁመት አጥረው ተገኙ፤ የአገሪቱ አማካይ 38 በመቶ ነበር። በ2019 የክልሉ ቁጥር ወደ 41 ቢወርድም ከአገሪቱ አማካይ በላይ እንደሆነ ቀረ። እህል በሌለበት ቢሆን ይገባኝ ነበር።

ምክንያቱ አንድ አይደለም። ድህነት አለ፣ የንጹሕ ውኃ እጥረት አለ፣ የሚደጋገም ተቅማጥ አለ። በየቤቱ ያየሁት ግን ይኼን ነው፦ ደህና ደህናው ወደ ገበያ ይወጣል፣ ለቤት የሚቀረው እህል ብቻ ነው። ፎገራ ላይ በገበያ ቀን አንዲት እናት እንቁላሎቿን በጭድ ደርድራ ስትሸጥ አይቻለሁ። በጀርባዋ ያዘለችው ልጅ ፀጉሩ ሳስቶ ቀልቷል። እንቁላሉ ሲያልቅ ከብሩ ላይ ቆንጥራ ለልጁ ብስኩት ገዛችለት፤ ከልቧ ደስ ብሏት ነው የሰጠችው። አንድ እንቁላል ስድስት ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፤ ብስኩቱ ዱቄትና ስኳር ነው። ይህችን እናት የሚወቅስ ሰው አልወድም፤ የነገራት አልነበረም። ለእናንተ ግን እየነገርኳችሁ ነው።

ኃይል ሰጪ፣ ገንቢ፣ በሽታ ተከላካይ የሚለውን ትምህርት ቤት ተምራችኋል፤ አልደግመውም። እኔ እንድትይዙልኝ የምፈልገው ምግቦች እርስ በርስ እንደሚደጋገፉ ነው። እንጀራ በሽሮ የድሃ ምግብ መስሏችሁ የምታፍሩ አላችሁ። በእህል ውስጥ ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሳል፤ በሽምብራ፣ በአተር፣ በባቄላና በምስር ሞልቷል። ጥራጥሬው የሚጎድለውን ደግሞ እህሉ ያሟላዋል። አያቶቻችን ያለ ላቦራቶሪ ያገኙት ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ ሽሮው ቀጥኖ እንጀራውን ቀለም ብቻ ሲቀባው ነው። ወፈር አድርጉት፣ እንጀራውን ቀነስ አድርጋችሁ ወጡን ጨምሩ፣ ጎመን ከጎኑ አይጥፋ።

ሴት ልጆቼ፣ ይኼኛውን በተለይ አንብቡልኝ። ደረጃ ስትወጡ ልባችሁ የሚመታ፣ ክፍል ውስጥ ዓይናችሁ የሚከደን፣ አፈር ብሉ ብሉ የሚላችሁ ካላችሁ፣ ስንፍና ነው ብላችሁ ራሳችሁን አትውቀሱ፤ ደም ማነስ ሊሆን ይችላልና ተመርመሩ። የወር አበባ የምታይ ሴት ለደሟ የሚያስፈልጋት ብረት የሚባለው ማዕድን ከወንድ እኩያዋ እጥፍ ይበልጣል። ጤፍ ብረት አለው ይባላል፤ አለው። ግን ከፊሉ በአውድማ ከአፈር የተቀላቀለ ነው፤ የራሱንም ቢሆን ፋይቴት የሚባለው ንጥረ ነገር አስሮ ይይዘዋል። ሊጡ በእርሾ በደንብ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል። በዚህ ላይ ምሳ ተበልቶ እጅ ሳይታጠብ ሻይ ይታዘዛል። በሻይና በቡና ውስጥ ያለው ታኒን የሚባል ንጥረ ነገር ብረቱን ይይዘውና ወደ ደም እንዳይገባ ያግደዋል። ቢያንስ አንድ ሰዓት አቆዩት። ዘጌ ላይ ቡናና ሎሚ ጎን ለጎን ይበቅላሉ፤ በማዕድ ላይ ግን ሎሚውን ከምግቡ ጋር አድርጉት፣ ቡናውን ለኋላ። የሎሚ፣ የቲማቲምና የቃሪያ ቫይታሚን ሲ ብረቱን ወደ ደም ያስገባዋል። በየግቢው ረግፎ የሚቀረው ዘይቱን ደግሞ በቫይታሚን ሲ ብርቱካንን ሦስት አራት እጥፍ ይበልጠዋል። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል እንዲሉ፣ ዘይቱኑን ረግጠን አልፈን የታሸገ ጭማቂ እንገዛለን። ዳጉሳም እንዲሁ ነው፤ በካልሲየም ከእህል ሁሉ ቀዳሚው እሱ ሆኖ ሳለ ከጠላና ከአረቄ አልፎ ማዕድ ላይ የሚደርሰው ጥቂቱ ነው።

ጾምን በተመለከተ፣ አሳ ይበላል አይበላም የሚለውን ለንስሐ አባቶቻችሁ እተወዋለሁ። ከባለሙያ የምትሰሙት ይህን ነው፦ ቫይታሚን ቢ12 በተፈጥሮው የሚገኘው በሥጋ፣ በአሳ፣ በእንቁላልና በወተት ነው። ስለዚህ በጾም የተከለከላችሁትን በፍስክ አትርሱት። ብር ለመቆጠብ ብላችሁ ዓመቱን ሙሉ በሽሮ የምትከርሙ ተማሪዎችን አውቃለሁ። ሥጋ ውድ ነው፤ እንቁላል ወይም ቆሮሶ በሳምንት ጥቂት ቀን ግን ለለስላሳ በሚወጣው ብር ይደረስበታል። በአንድ ጠርሙስ ለስላሳ ውስጥ 30 ግራም ያህል ስኳር አለ፤ በሻይ ማንኪያ ሰባት ስምንት መሆኑ ነው። ይህ ስኳር እየዋለ እያደረ ወደ ስኳር በሽታ የሚወስደውን መንገድ ያቀናል። ባሕር ዳር ሜዳ ከተማ ናት፤ ለብስክሌት የተሠራች ትመስላለች። ለሁለት ፌርማታ ባጃጅ አትሳፈሩ።

ሐይቁን እወደዋለሁ፣ እናንተም ትወዱታላችሁ። ነገር ግን ቢልሃርዚያ የሚባለውን በሽታ የሚያመጣው ትል በዳርቻው ውኃ አለ፤ ትሉ በቆዳ ገብቶ አንጀት ላይ ደም ያፈሳል። ዋና የምታዘወትሩ ሰገራችሁን አስመርምሩ፤ መድኃኒቱ አለ።

አሁን ወደ ዋናው ልመለስ። ከጥቂት ዓመት በኋላ አብዛኞቻችሁ ወላጅ ናችሁ፤ ልጅ የሚቀነጭረው ደግሞ በአብዛኛው ከፅንስ እስከ ሁለት ዓመቱ ባሉት 1,000 ቀናት ውስጥ ነው። ልጅ ለመውለድ ያሰበች ሴት ከማርገዟ በፊት ጀምራ በየቀኑ ፎሊክ አሲድ ከሚባለው ቫይታሚን 400 ማይክሮ ግራም ትውሰድ፤ የፅንሱ ኅብለ ሰረሰር የሚዘጋው ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን ሳያውቁ በመጀመሪያው ወር ነውና። እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ፣ ውኃም አይጨመር። ከዚያ በኋላ የሚቀጥን አጥሚት ሆድ ይነፋል እንጂ አያሳድግም፤ ገንፎው ከማንኪያ የማይንጠባጠብ ይሁን፣ እንቁላል ወይም አጥንቱ በደንብ የተለቀመ አሳ ይግባበት፣ ጥቂት ዘይት ይታከልበት፣ ጨው ከተጨመረ አዮዲን ያለው ይሁን።

በጾም ወራት ብዙ እናቶች ለሕፃኑ እንቁላል የማይሠሩለት ጨክነው አይደለም፤ የቤቱ ዕቃ እንዳይነካካ ሰግተው ነው። ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ የመጾም ግዴታ እንደሌለበት ቄሶቹም ይነግሯችኋል። ጎጆ ስትወጡ ለሕፃኑ ለብቻው አንድ ትንሽ ድስትና ማንኪያ ግዙ፣ ዓመቱን ሙሉ የእሱ ብቻ ይሁኑ።

ከጡረተኛው የሥነ ምግብ ባለሙያ፣ ባሕር ዳር