ተጋብታችሁ ለወራት መንገድ ለምታስቡ ልጆቼ

ከባለቤቴ ጋር ኬንያ ወራት መክረማችንን የሰማ ወጣት ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ስንት ፈጀባችሁ ጋሼ?» ብሎ ነው። አይፈረድበትም። ዕድሜ ልኬን እዚህ ጅማ የሰው ሒሳብ ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ከእኔ የሚጠበቀው ቁጥር ነው። ግን የእኔ ቁጥር ለእናንተ አይሆንም። ዋጋ በየወሩ ይቀያየራል፣ የብርና የዶላሩን ነገርም እናንተው ታውቁታላችሁ። እኔ የምነግራችሁ ከገንዘቡ በፊት ያለውን ነው። ሁለት ሰው ለሳምንት ሲሄድ ሽርሽር ነው። ለወራት ሲሄድ ግን ጎጆውን ይዞ ነው የሚሄደው፤ ማን ያበስላል፣ ማን ልብስ ያጥባል፣ ገንዘቡ በማን እጅ ይሁን፣ ዛሬ ዝም ማለት ያማረው ማነው፣ ሁሉም አብሮ ይሳፈራል። ቦታ ማየቱ ቀላሉ ነው።

ለምን ኬንያ ላላችሁኝ፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያለ ቪዛ ከሚገባባቸው ጥቂት አገሮች አንዷ ስለሆነች ነው። በመሬትም ይደረሳል። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከዚያ በሐዋሳና በዲላ አድርጎ ሞያሌ፣ ከሞያሌ ናይሮቢ ደግሞ 800 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ አስፋልት። እኛ እንደ ጅማ ሰው ኦሮምኛ ስለምንናገር ኬንያ ውስጥ እስካለችው ማርሳቢት ድረስ ሰው አገር የገባን አልመሰለንም፤ ቦረና ከድንበሩ ወዲህም አለ፣ ወዲያም አለ። ባለቤቴ ሞያሌ ላይ ከአንዲት ነጋዴ ጋር ወሬ ይዛ አውቶቡስ ሊያመልጠን ነበር። የመንገዱን ሰላም ግን ከመነሳታችሁ በፊት አጣሩ። ደኅና ካልሆነ አውሮፕላን አለ፣ ጀብዱ አያስፈልግም። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም ያዙ። መርፌውን ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድማችሁ ተወጉ፤ እንደ ፈረንጆቹ ከ2016 ወዲህ አንዴ የተወጋ ለዕድሜ ልኩ ይሆነዋል።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ፤ ሙያዬም ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ኬንያ ውስጥ ጥሬ ገንዘብ ብዙም አይታይም። በስልክ የሚከፈልበት ኤም-ፔሳ እዚያ የተጀመረው እንደ ፈረንጆቹ በ2007 ነው፤ ወደኛ የመጣው በ2023 መሆኑን አስቡትና ስንት ዘመን እንደቀደሙን ታያላችሁ። ጥግ ላይ ጎመን የምትሸጠዋ እናትም፣ ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ረዳትም በስልክ ነው የሚቀበሉት። ይሄ ለባልና ሚስት አንድ ችግር አለው። ድሮ ገንዘቡ መሳቢያ ውስጥ ሲቀመጥ ማንም እጁን ሰዶ ያነሳል። ስልክ ላይ ሲሆን ግን ሲሙ በስሙ የወጣለት ሰው ገንዘብ ያዥ ይሆናል፣ ሌላው ጠያቂ። ሚስት ሽንኩርት ለመግዛት «እስቲ ላክልኝ» ማለት ከጀመረች፣ ወይም ባል ለፀጉር ቆረጣ ፈቃድ ከጠበቀ፣ ነገር ተጀመረ ማለት ነው። ስለዚህ ሁለታችሁም በየፓስፖርታችሁ የራሳችሁን ሲም አውጡ። የሳምንቱን ወጪ ለሁለት ክፈሉት። እኛ እሁድ ማታ ተቀምጠን ያወጣነውን እንጽፍ ነበር፤ በዚያች ሰዓት «ለምን ገዛሽ? ለምን ገዛህ?» የሚባል ነገር ክልክል ነው። መጻፍ ብቻ። ንግግሩ ሰኞ ይደርሳል፣ ሰኞ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይረሳል። የመመለሻ ገንዘብ ግን እንደሌለ ቁጠሩት፤ ለብቻው ይቀመጥ፣ ማንም አይንካው።

ቤት በወር ተከራዩ። ዕቃ የተሟላለት ቤት ይወደዳል፣ ባዶውን ብትወስዱ ደግሞ ፍራሽና ድስት ግዢ ውስጥ ትገባላችሁ፤ ለአጭር ወራት የተሟላው ይሻላል ባይ ነኝ። ከተማ በየሦስት ቀኑ መቀያየር የምትወዱ አላችሁ፣ አውቃለሁ። ለፎቶ ጥሩ ነው። ለትዳር ግን ሻንጣ ማሰርና መፍታት የጭቅጭቅ ሁሉ እናት ነው።

ቡናን ሳልናገር ብቀር የጅማ ሰው ይታዘበኛል። ኬንያ ቡና አብቃይ ናት፣ የኒዬሪና የኪሪንያጋ ቡና በዓለም ገበያ የታወቀ ነው፤ ግን አብዛኛው ወደ ውጭ ይሄዳል፣ ቤት ውስጥ የሚጠጣው በወተት የፈላ ሻይ ነው። እኛ ጀበናችንን በልብስ ጠቅልለን ነበር የሄድነው። ጥሬ ቡናውን ኢስትሊ ከሚባለው የናይሮቢ ሰፈር ከሐበሾች ሱቅ እንገዛለን፤ እንጀራም እዚያው ይገኛል። ባለቤቴ ጋዝ ምድጃ ላይ ቡና ስትቆላ ጭሱ ኮሪደሩን ስለሚሞላው ለዘበኛውና ለጎረቤት ቀድማ ትናገር ነበር። ነግራ ስትጨርስ ደግሞ ኑ ጠጡ ትላለች፣ መቼም ሌላ አታውቅም። አንዳንድ ሰው ይሄን ሲሰማ «ያን ሁሉ መንገድ ሄዶ ቡና ማፍላት ምን ይሉታል፣ አገር አይታይም እንዴ?» ይላል። አልስማማም። ርካሽ ገበያ የቱ ጋ እንደሆነ፣ ሲመሽ በየት በኩል እንደማይኬድ፣ ዝናብ ሲዘንብ ማታቱ ታሪፍ እንደሚጨምር የነገሩን እነዚያ ቡና የጠጡ ጎረቤቶች ናቸው።

ጥቃቅኗንም ልንገራችሁ። መኪና በግራ ነው የሚሄደው፣ ስትሻገሩ መጀመሪያ ወደ ቀኝ እዩ። ፌስታል እንደ ፈረንጆቹ ከ2017 ጀምሮ የተከለከለ ስለሆነ ዘንቢል ያዙ። ስዋሂሊ ተናጋሪው ሰዓት እንደኛው ነው የሚቆጥረው፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ለእነሱም አንድ ሰዓት ነው፤ የባቡር ቲኬት ላይ የሚጻፈው ግን የፈረንጁ ነው። የናይሮቢ አየር ከጅማ ብዙም አይርቅም፣ ከፍታቸውም ይቀራረባል። ሞምባሳ ግን ሌላ ዓለም ነው። ሙቀት፣ ላብ፣ ወባም አለ፤ አጎበር እንዳይረሳ። ባለቤቴ ባሕሩን ወዳ አልነሳም አለች። እኔ በሁለተኛው ቀን ናይሮቢ ናፈቀኝ። በስምምነት ጥቂት ቀን እሷ የፈለገችውን ኖርን፣ ከዚያ ተመለስን።

ከሁሉም የሚከብደው ግን ሃያ አራት ሰዓት አብሮ መዋል ነው። ጅማ እያለን እኔ ቢሮ እውላለሁ፣ እሷ ትምህርት ቤት፤ ቅዳሜ ገበያ አለ፣ ለቅሶ አለ፣ ዕድር አለ። ማታ ስንገናኝ የምናወራው ነገር ይዘን ነው። ሰው አገር ላይ ግን ያየሁትን አይታዋለች፣ የሰማችውን ሰምቼዋለሁ። ስትጣሉ ደግሞ የሚገባ ሽማግሌ የለም፣ «ተይው እስቲ» የሚል ጎረቤት የለም፣ እናት ቤት ሄዶ ማደር የለም። አንድ ክፍል ነው ያላችሁ። ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን ተለያይታችሁ ዋሉ። እሷ ኢስትሊ ወርዳ ጨርቅ ስታይ ትውላለች፣ እኔ ሙዚየም ወይም አንድ ሻይ ቤት ጋዜጣ ይዤ እቀመጣለሁ። መዋደድ ቀነሰ ብላችሁ አትፍሩ። ማታ ወሬው ይደምቃል።

ተኮራርፋችሁ ሳለ ደግሞ አገር ቤት ስልክ አትደውሉ። እናንተ በማግስቱ ትታረቃላችሁ። ጅማ ያሉት ግን ሰምተዋልና ከዓመት በኋላም እንደተቀየሙ ነው፤ በዓል ላይ ተቀምጣችሁ ዶሮ ስትበሉ አማታችሁ ለምን ፊት እንደነሷችሁ አይገባችሁም።

ገና ከሠርጉ ማግስት ለወራት እንውጣ የሚሉ ልጆችም ይመጡብኛል። በእኔ ግምት ትንሽ ቆዩ። መጀመሪያ እዚሁ አንድ ክፍል ተከራይታችሁ ኑሩ፣ ከዚያ ቅርብ ቦታ ሞክሩት። ቦንጋ ሂዱ፤ መንገዱ አጭር ነው፣ የቡና ሙዚየሙም አለ፣ ጫካውም አለ። አንድ ሻንጣ ለሁለት ያዙ፣ ርካሽ አልጋ ያዙ፣ ሳምንት ሰንብቱ፣ ወጪውን በየተራ ያዙ። ከቦንጋ ተኮራርፋችሁ ከመጣችሁ ናይሮቢን ለጊዜው ተዉት።