ጸጥ ያለ ብርሃን ለምትፈልጉ

ልጆች፣ ክረምት ላይ ዶፉ ቆርቆሮ ጣራ ላይ ሲወርድ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ። ጠብታው ወረፋ አያውቅም። አንዴ ይጎርፋል፣ አንዴ ይሳሳል። የሌዘር ብርሃንም ዲቴክተር (ብርሃን መለኪያ) ላይ ሲያርፍ እንደዚያው ነው። ፎቶኖቹ፣ ማለትም የብርሃን ቅንጣቶቹ፣ እንደመጣላቸው ስለሚመጡ፣ ሌላውን ሁሉ ብታስተካክሉ እንኳ የሚቀር ጫጫታ፣ ማለትም የብርሃኑ መዋዠቅ፣ አለ። የኳንተም ጫጫታ የምንለው እሱን ነው።

ተማሪ ሳለሁ ከዚያ በታች መውረድ ጭራሽ አይታሰበኝም ነበር። ጃፓን ውስጥ እነ ያማሞቶና ማቺዳ ግን እ.ኤ.አ. በ1987 በሴሚኮንዳክተር ሌዘር አሳዩት። ይህ ሌዘር ኤሌክትሮን እየበላ ፎቶን ያወጣል። ኤሌክትሮኖቹ ተራ ጠብቀው ከገቡ፣ ፎቶኖቹም ተራ ይይዛሉ። ታዲያ ተራ አስከባሪው ማን መሰላችሁ? ሬዚስተር! ያው የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገታው፣ ገበያ ላይ የምትገዙት። እርግጥ እሱም ከሙቀት የሚመጣ የራሱ ጫጫታ አለው። ግን በክፍል ሙቀት፣ በላዩ ላይ ያለው ቮልቴጅ ከ50 ሚሊቮልት በደንብ ከበለጠ፣ ጫጫታው በዘፈቀደ ከሚጎርፉ ኤሌክትሮኖች ጫጫታ ያንሳል። ይሄን መጀመሪያ ሳሰላ ስህተት የሠራሁ መስሎኝ ሁለቴ ደግሜዋለሁ።

ችግሩ ከዚያ ወዲያ ነው። ፎቶን ሲጠፋ የሚጠፋው በዕጣ ነው፣ ዕጣ ደግሞ ጫጫታ ነው። በቆሸሸ ሌንስ ወይም በደካማ ዲቴክተር ግማሹን ብርሃን ካጣችሁ፣ ከተገኘው ጸጥታ ግማሹ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ሌንሳችሁን ጥረጉ። አሰልቺ ሥራ ነው፣ አውቃለሁ።

እኔን ጉድ የሠራኝ ግን ሌላ ነው። አንድ ማታ የሌዘሬ ጫጫታ ከኳንተም ጫጫታው በግማሽ ወርዶ አየሁ። ዘለልኩ። ለጓደኞቼም ደውዬ በነጋታው ምሳ ጋበዝኩ። ጠዋት አንዲት ልጅ መጥታ፣ «እስቲ ግማሹን ብርሃን በማጣሪያ እንቀንሰው» አለችኝ። የኳንተም ጫጫታውን 1 ብንለው፣ ነገሩ እውነት ቢሆን ከጸጥታው ግማሹ ብቻ ጠፍቶ ጫጫታው 0.75 ላይ መቆም ነበረበት። ቀጥ ብሎ 1 ላይ ወጣ። ለካ ብርሃኑ በዝቶበት ዲቴክተሩ ደንዝዞ ኖሯል፤ ጫጫታውን ያሳነሰውም እሱ እንጂ ሌዘሩ አልነበረም።

ምሳውን ግን አንዴ ጋብዣለሁና ከፈልኩ። ልጅቷ ሁለት ጊዜ አዘዘች።