ዓባይ በረሃን ከደጀን አፋፍ ለማየት፦ ከደብረ ማርቆስ ደርሶ መልስ

ጠያቂያችን፣ ከደብረ ማርቆስ ተነሥተው፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸውን እናትዎንና ሁለት ልጆችዎን ይዘው፣ ዓባይ በረሃን በአንድ ቀን አይቶ መመለስ ይቻል እንደሆነ፣ እስከ ድልድዩ መውረዱስ ይሻል እንደሆነ ጠይቀዋል። ይህንኑ ጉዞ ከቤተሰቤ ጋር ሦስት ጊዜ አድርጌዋለሁ፤ እንዳሰብኩት የሆነልኝ ግን አንዱ ብቻ ነው። ስለዚህ ምክሬ ይሂዱ፣ ነገር ግን አይውረዱ የሚል ነው።

ርቀቱ አያስፈራም። ደጀን ከደብረ ማርቆስ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሉማሜና በየትኖራ በኩል የሚያልፈው አስፋልት አብዛኛው በሜዳ ላይ የተዘረጋ፣ ግራ ቀኙም የጤፍ ማሳ በመሆኑ፣ ፊት ለፊት ገደል አለ ብሎ የሚያስጠረጥር ነገር የለም። ደጀንን አልፈው ጥቂት እንደሄዱ ግን ምድሩ በአንድ ጊዜ ከእግር ሥር ይከዳል። ማዶ የሚታየው አፋፍ የጎሃ ጽዮን ሲሆን፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ ቁልቁል ወርዶ ሽቅብ እስኪወጣ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይጠመዘዛል። አፋፉ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ነው፤ ወንዙ የሚፈሰው ደግሞ በ1,000 ሜትር አካባቢ ስለሆነ፣ ቆመው ቁልቁል የሚያዩት ጥልቀት ከ1,300 ሜትር አያንስም።

ዋናው ነገር ወሩና ሰዓቱ ነው። የመጀመሪያ ጉዞዬን ያደረግሁት በነሐሴ ነበር፤ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ደርሰን እስከ 5 ሰዓት ድረስ ያየነው ነገር ቢኖር እንደ ወተት የረጋ ጉም ብቻ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ደግሞ ጉሙ ባይኖርም፣ የአቧራውና የጭሱ ድብዝዝታ ማዶውን ይሸፍነዋል። ዝናቡ አየሩን አጥቦ ከሄደ በኋላ፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ ከሁሉም ይበልጣል። ሰዓትን በተመለከተ፣ ከደጀን በኩል የሚያየው ሰው ፊቱ ወደ ደቡብ ስለሆነ፣ በእነዚህ ወራት እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ ዓይኑን ትወጋዋለች፣ ሸለቆውም ጥላ አጥቶ ጠፍጣፋ ይመስላል። ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት ግን ብርሃኑ ከግራ በኩል አግድም ስለሚመጣ እያንዳንዱ ሸንተረር ተለይቶ ይታያል። ስለዚህ ከቤትዎ ከ12 ሰዓት ባይዘገዩ መልካም ነው።

ወደ ታች ስለመውረዱ፣ ሁለተኛውን ጉዞ እንዴት እንዳበላሸሁት ልንገርዎ። ወሩ ሚያዝያ ነበር፤ እናቴ ጋቢዋን እንደተከናነበች ተነሥታ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ጋቢውን፣ ቀጥሎ ነጠላውን አውልቃ፣ ድልድዩ ጋ ስንደርስ በመሐረብ ፊቷን እያራገበች ነበር። በየ1,000 ሜትሩ ቁልቁለት ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚጨምር፣ ከላይ ደስ የሚል አየር ታች ሲደርስ እሳት ይሆናል። ስንመለስ ከከባድ መኪኖች ኋላ በአንደኛ ማርሽ ስናዘግም ራዲያተሩ ፈላ፤ ጥላ በሌለው ጠርዝ ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ቆምን፣ ለመጠጥ የያዝነውንም ውኃ ለመኪናው ሰጠነው። በዚያ ላይ የቁልቁለቱ አፈር የሚንሸራተት በመሆኑ አስፋልቱ በየቦታው የተሰነጠቀና ያበጠ ነው።

እርግጥ ነው፣ መውረዱ የራሱ ጣዕም አለው። መንገዱ በተቆረሰበት ቦታ ሁሉ ድንጋዩ በንብርብር ይታያል፤ ከላይ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ዝቅ ሲሉ የነጣው የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያም የአሸዋ ድንጋይ ይከተላል። በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ የተመረቀው የኅዳሴ ድልድይም 303 ሜትር ርዝመት ያለው፣ ከአሮጌው ድልድይ ጎን የቆመ ውብ ሥራ ነው። ሆኖም ጥበቃዎቹ ፎቶ ማንሳት ስለማይፈቅዱ፣ ለፎቶ ብለው 20 ኪሎ ሜትር ቢወርዱ ያዝናሉ። እኔ ካሜራዬን ገና ከቦርሳዬ ሳላወጣ ነው ፊሽካ የተነፋብኝ። ልጆችዎ አድገው፣ መኪናዎም ከታመነ፣ ሌላ ቀን ይወርዱታል።

የተሳካው ሦስተኛው ጉዞ በጥቅምት መጨረሻ የተደረገ ነው። የያዝነው አንድ ዱካ፣ ውኃ፣ ዳቦና አንድ ፔርሙዝ ሻይ ብቻ ነበር። ዱካው ለእናትዎ የግድ ያስፈልጋል፤ አፋፉ ላይ ከድንጋይ በቀር መቀመጫ የለም፣ ጠርዙም አጥር የለውምና ልጆቹን በእጅ መያዝ ይገባል። ዳቦውን ለዝንጀሮ አያሳዩ፤ የእኛን ሙሉውን ድፎ አንዱ ከነፌስታሉ ይዞት ገደል ገብቷል።

በሕዝብ ሚኒባስ የሚሄዱ ከሆነ ከደጀን መናኸሪያ እስከ አፋፉ ባጃጅ መኮናተር ይኖርብዎታል፤ ቆሞ እንዲጠብቅዎም አስቀድመው ይዋዋሉ። የመንገዱን ሰላም ደግሞ በዋዜማው ከሾፌሮች ይጠይቁ፤ የዕለቱን ሁኔታ ከእነርሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ምሳዎን ደጀን ከበሉ 9 ሰዓት ሳይሞላ ቤትዎ ይገባሉ።