ዘህራ ልትሏት ነው? መጀመሪያ «ሀ»ዋን እዩ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። «ለምትወለደው ልጃችን ዘህራ የሚለውን መርጠናል፤ አንዱ አበባ ነው ይላል፣ አንዱ ብርሃን፤ ዙሁራስ ያው ነው ወይ?» ብለሻል። የመለሱልሽ ሁሉ «ማሻአላህ ቆንጆ ስም» ብለው አልፈዋል። ቆንጆ መሆኑንማ አንቺም ታውቂያለሽ። እኔ በዚህ ስም ሁለት ወር ሙሉ ስለተንከራተትኩ ትንሽ ላስረዝመው።

1. ትርጉሙ። ሦስቱም ከአንድ ሥር ነው የሚወጡት፣ ማብራትና መፍካት ከሚለው። በአረብኛ ሲጻፍ መጨረሻው አሊፍና ሃምዛ የሚባሉት ምልክቶች (اء) ከሆኑ «ዘህራእ» ነው፤ የምታበራ፣ የፈካች ማለት። የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ ፋጢማ መጠሪያ ይሄኛው ነው። ሞሮኮና አልጄሪያ «ፋጢማ ዘህራ» ብለው አጣምረው የሚሰይሙትም ለዚህ ነው። በታ መርቡጣ፣ ማለትም ሁለት ነጥብ ባላት ክብ ፊደል (ة) ካለቀ ደግሞ አንዲት አበባ ነው። ቤሩት የሠራች ሰው ማእ ዘህርን ታውቀዋለች፣ ጣፋጭ ላይ ጠብ የሚያደርጉትን የብርቱካን አበባ ውሃ። ዙሁራ ግን ሌላ ነው፤ ኮከቧ ናት፣ ቬነስ። እና «ያው ነው» የሚልሽን አትስሚ።

2. አጻጻፉ። እኔ የተቃጠልኩት እዚህ ጋ ነው።

ልጄን የሰየምኳት በአያቴ ነው። አያቴ ወሎ ውስጥ ዘሃራ ትባል ነበር፤ አሊፍ ይሁን ታ መርቡጣ ማንም ጠይቋት አያውቅም። በሰባተኛው ቀን አቂቃው፣ ለልጅ መወለድ የሚታረደው በግ፣ ታረደ፣ ስሙ ወጣ፣ ሁሉም ደስ አለው። የልደት ሰርተፍኬት ልናወጣ ስንሄድ ጸሐፊው «ዘሐራ» ብሎ በሐመሩ ሐ ጻፈው። አይቼዋለሁ እኮ! ግን አማርኛ ላይ ሀም ሐም ኀም ድምፃቸው አንድ ነው፣ ምን ያመጣል ብዬ ፈርሜ ወጣሁ።

አረብኛ ላይ ግን ሦስቱ ለየብቻ ናቸው። ዘህራ በሃሌታው ሀ ነው። ሰርተፍኬቱን ወደ አረብኛ የተረጎመልን ትርጉም ቤት ሐመሩን ሲያይ በአረብኛው ወፍራሙን ሓ አስገባ። ያ ሥር በአረብኛ ማማጥ፣ ማቃሰት ነው፤ ይባስ ብሎ «ዙሓር» የሚሉት የደም ተቅማጥ ነው። አስቢው! ባለቤቴ ጅዳ ነው የሚሠራው። ለቤተሰብ ቪዛ ወረቀቱን ሲያስገባ ሠራተኛው አንብቦ ለጓደኛው አሳየው፣ ሁለቱም ሳቁ። «ልጅህን ማን ብለህ ነው የሰየምካት?» አሉት። እሱ ደግሞ ንዴቱን በድምፅ መልእክት እኔ ላይ ተወጣ፣ በልጅነቴ ቁርኣን ቀርቼ የጨረስኩ ሰው ወረቀቱን እንዴት ሳላነበው እንደላክሁ እየጠየቀ። እውነቱን ነው። ማህተሙን ነው እንጂ ስሙን አላየሁም።

ትርጉም ቤቱ «ያለውን ነው የተረጎምነው፣ አማርኛውን አሳርሚ» አለኝ። ሰርተፍኬቱን ወዳወጣሁበት ቢሮ ተመለስኩ። ሴትየዋ ከስልኳ ቀና ሳትል «ሀ ያው ሀ ነው፣ ምን ልዩነት አለው?» አለችኝ። በማግስቱ ሲስተም የለም። ከዚያ ማመልከቻ ጻፊ፣ ምስክር አምጪ። አንድ ቀን እናቴን ይዤ ሄጄ ከጠዋት እስከ ምሳ አስቁመውን ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው ተባልን። እንደገና ማስተርጎሙ፣ እንደገና ማህተሙ፣ ታክሲው፣ ሁሉ ተደምሮ 9 ሺህ ብር አካባቢ ወጣብኝ። ብሩስ ይሁን፣ ዒድን አብረን ልናሳልፍ ያሰብነው ቀረ።

በኋላ የሰፈራችን ኡስታዝ በቁራጭ ወረቀት ጻፈልኝ፤ በሃሌታው፣ መጨረሻው አሊፍና ሃምዛ። «ለስም ይሄ ይሻላል፤ በሐዲስ የቁርኣን ምዕራፎቹ አል-በቀራና ኣሊ ዒምራንም ዘህራወይን ተብለዋል፣ ሁለቱ የሚያበሩት» አለኝ። ያንን ወረቀት ይዤ ትርጉም ቤት ገባሁና ራሴ አጠገቡ ቆሜ አስጻፍኩት። ተርጓሚው ትንሽ ተቆጣ። ይቆጣ።

3. ሌላ ስም ለምታስቡም ነገሩ ያው ነው። ሐያት፣ ሐናን፣ ሐሊማ በወፍራሙ ሓ ናቸው። ሁዳና ሂንድ በሃሌታው። ኸዲጃ በኸ። አማርኛው ላይ ባታስጠነቅቁ ጸሐፊው እጁ የለመደውን ነው የሚጽፈው፣ አልፈርድበትም (ሴትየዋ ላይ ግን እፈርዳለሁ)።

የእንግሊዝኛውንም ሳልነግርሽ። የእኔዋ ሰርተፍኬቱ ላይ «ዜድ ኢ»፣ ክትባት ካርዷ ላይ «ዜድ ኤ» ሆና እስካሁን አላስተካከልኩትም። አንቺ ከሆስፒታሉ ወረቀት ጀምሮ አንድ አድርጊው። ትርጉም ቤት ስትሄጂ ደግሞ ረቂቁን ፎቶ አንሺና እዚሁ ለጥፊው፤ ማህተም ሳይመታበት እኔ አየዋለሁ።