ቆንጆዋን አታስቀይማት፤ ሥራ ስጣት

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ውስጥ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝ፤ ዘንድሮ እመረቃለሁ። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ስለምትሸጥ ልጅ ልብ ወለድ ጀምሬ ለጓደኞቼ አስነበብኩ። አንዱ «ይህቺ መልአክ እንጂ ሰው አይደለችም» አለኝ። መልኳን ላበላሸው ወይስ እንዳለች ልተዋት? ደግሞስ በልብ ወለድ እንጀራ ይበላል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከሁለተኛው ልጀምር፤ መልሱ አጭር ነው። በአገራችን በልብ ወለድ ብቻ የሚተዳደሩ ደራስያን ጥቂት ናቸው። ስለዚህ መመረቂያህን በሚገባ ጨርስ፤ ማስተማርም ሆነ የሕዝብ ግንኙነት ሥራ ከተገኘ ያዝ። ድርሰቱን ግን ከሥራ ፍለጋው ነጥለህ አትየው። የሬዲዮና የቴሌቪዥን ድራማ፣ የማስታወቂያ ወይም የአርትዖት ሥራ የሚሰጥህ ሰው ከዲግሪህ በፊት የጻፍከውን ማየት ይፈልጋል። አሁን ያለውን ምዕራፍ ይዘህ እንዳትሄድ እንጂ!

የላክህልኝን ገጾች አነበብኩ። ልጅቷ ገና ብቅ ስትል ዓይኗ ጎላ፣ አፍንጫዋ ሰልካካ፣ አንገቷ ብርሌ፣ ተረከዟ ሎሚ ነው። ቀጥላ ለእናቷ ታዛዥ፣ ለድሃ አዛኝ ትሆናለች። ጉድለቷን ያመጣኸው መጨረሻ ላይ ነው፦ «ዓይን አፋር ናት፤ ሰውንም ቶሎ ታምናለች።» ይህ ሽማግሌ ተልኮ ስለ ልጅቷ ጠባይ ሲጠየቅ የሚነገር ምስጋና ነው እንጂ ጉድለት አይባልም። ፊቷ ላይ ጠባሳ ብትጨምርላትም ጠባሳ ያላት መልአክ ትሆናለች።

ነቢይ መኮንን እስር ቤት ሆኖ በሲጋራ ወረቀት ላይ የተረጎመውን «ነገም ሌላ ቀን ነው»ን ካላነበብከው ፈልገህ አንብበው። የትርጉሙ ምንጭ የሆነው የአሜሪካዊቷ የማርጋሬት ሚቸል ልብ ወለድ እ.ኤ.አ. በ1936 ሲወጣ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የሚነግረን ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ስካርሌት ቆንጆ እንዳልነበረች፣ በደም ግባቷ የተያዙ ወንዶች ግን ይህን ብዙም እንዳላስተዋሉ ነው። መልኳን ያወቅነው በሚያዩዋት ሰዎች በኩል ነው። በኋላ የርስቷን ግብር የምትከፍልበት ገንዘብ ስታጣ ዋሽታ የእህቷን እጮኛ ታገባለች። ጉድለት ማለት ይህ ነው፤ መሬቷን አተረፈላት፣ እህቷን አስቀየመባት። አንባቢ ይናደድባታል፣ መጽሐፉን ግን አይከድነውም። እ.ኤ.አ. በ1939 ፊልም ሲሠራ ደግሞ ቪቪየን ሊን የመሰለች ቆንጆ ተዋናይት ተጫወተቻት። ያ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር በዚያው ቀረ፤ ስካርሌት ግን ስካርሌት ሆና ቆየች። ድራማ ለመጻፍ ካሰብክ ይህን ያዝ፦ ተዋናይቷን የሚመርጠው ዳይሬክተሩ ነው፤ ስለ አፍንጫዋ የደከምክበት ሁሉ ያን ቀን ይሰረዛል።

ቁንጅና ኃጢአት ነው እያልኩ አይደለም። በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ልብ ወለድ ዋና ገጸ ባሕርይ ጦቢያ ቆንጆ ናት። ግን ወንድ መስላ ጉዞ ስትወጣ መልኳ መሸፈን ያለበት ጉዳይ ይሆናል። ቁንጅናዋ በታሪኩ ውስጥ ሥራ አለው።

ወደ አንተዋ ልጅ እንምጣ። አውቶቡሱ ከጣርማ በር ወርዶ ደብረ ሲና ቆመ እንበል። ሻጮቹ ወደ መስኮቱ ይሽቀዳደማሉ። ተሳፋሪው መስኮቱን የሚከፍተው ለእሷ ነው፤ አጠገቧ ያለችው ልጅ ያዘለች ሴት ቆሎዋን እንደያዘች ትቀራለች። መልኳን የምንረዳው ከዚህ ነው፤ ብርሌውም ሎሚውም ይውጣ። ቀጥሎ ሞተሩ ሲነሣና ረዳቱ በሩን ሲደበድብ፣ ልጅቷ ስፍሩን ስትሞላ አውራ ጣቷን ብርጭቆው ውስጥ ታስገባለች። በየስፍሩ ጥቂት ፍሬ ይተርፋታል። «ለታናሽ እህቷ ደብተር ነው» ብለህ እንዳትከራከርላት፤ ወደ መልአክነቷ ትመልሳታለህ። ትንሽ ስግብግብ ትሁን፤ ብልጠቷም ደስ ይበላት። ያቺ ልጅ ያዘለች ሴት ግን ጣቷን አይታለች። ታጋልጣት ይሆን ወይስ ድርሻ ትጠይቃት? ምዕራፉን ከዚህ ጀምረው።

በነገራችን ላይ ይህ በሽታ የልብ ወለድ ብቻ አይደለም። የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ብትቀጠር ስለ ተበዳሪ ሴቶች የስኬት ታሪክ ጻፍ ትባላለህ፤ እዚያም ሁሉም ጠንካራ፣ ሁሉም ፈገግተኛ ናቸው፤ አንዷም ከሌላዋ አትለይም። እዚያ ግን ጉድለት መፍጠር አይፈቀድልህም፤ ራሷን ጠይቃት። የመጀመሪያው ብድር ምን ላይ እንደጠፋ ከነገረችህና እንዲጻፍ ከፈቀደች ጽሑፍህ ከሌሎቹ ይለያል።

ለማመልከቻህ የአውቶቡሱን ትዕይንት ብቻ ከሦስት ገጽ ሳታስበልጥ በኮምፒውተር ጽፈህ አያይዝ። የሬዲዮ ድራማ ክፍል ከሆነ የምታመለክተው፣ ያንኑ ትዕይንት በንግግርና በድምፅ ብቻ እንደገና ጻፈው፤ እዚያ መልኳን የሚያይላት የለም።