አዲስ አበባ ጉራጌ፣ አገር ቤት የከተማ ልጅ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ተወልጄ ያደግኩት መርካቶ ነው። አባቴ በልጅነቱ ከጉራጌ አገር፣ ከቸሃ መጥቶ ሊስትሮ ሠራ፣ ኋላ ሱቅ ከፈተ። እዚህ ሰው ሁሉ ጉራጌ ይለኛል፤ ለመስቀል አገር ቤት ስንገባ ግን ለዘመዶቼ «የከተማ ልጅ» ነኝ። የአንትሮፖሎጂ ተማሪ ስለሆንኩ የመመረቂያ ጽሑፌን በዚሁ ላይ ልሠራ አስቤያለሁ። የራስን ቤተሰብ ማጥናት ያስኬዳል?

መልስ፦ ያስኬዳል እንጂ! ከባዶም አትነሳም። ጥቁር አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ዊልያም ሻክ ቸሃ ድረስ ሄዶ ጥናቱን ሠርቷል፤ ስለ ጉራጌና ስለ እንሰት የጻፈው መጽሐፍም እ.ኤ.አ. በ1966 ታትሟል። ከእሱ ጀምር።

አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ልንገርህ። አባትህና ጓደኞቹ አገር ቤት ሳሉ ቸሃ፣ እዣ፣ እነሞር ወይም ጉመር ነበሩ። ሁሉንም በአንድ ላይ ጉራጌ ብሎ የሚጠራቸው በብዛት የከተማው ጎረቤት ነው። እነሱም ከተማው ውስጥ በእቁብና በእድር ተሰባሰቡ፣ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ደግሞ ገንዘብ አዋጥተው ወደ አገራቸው መንገድ አስወጡ። ስለዚህ ከጉራጌነት ትልቁ ክፍል የተሠራው አንተ ባደግክበት ሰፈር ነው ብዬ አምናለሁ፤ «የከተማ ልጅ» መባልህ ከዚያ አያስወጣህም።

ሌላው፣ ሰው ሁሉ የሚያወራው ወንዶቹ ከሊስትሮ ተነስተው እንዴት ነጋዴ እንደሆኑ ነው። በምኒልክ ጊዜ አገሩ ከተያዘ በኋላ ግብር በጥሬ ገንዘብ ሲጠየቅ እንሰት ሆድ ይሞላል እንጂ ብር አያመጣምና ወንዱ ሥራ ፍለጋ ወጣ። ወጥቶ ሲከርም ቤቱን ማን ያዘው? ሴቷ ናት፤ እንሰቱን ፍቃ፣ ቆጮውን ጉድጓድ ውስጥ አብላልታ፣ ልጆቹን እያበላች። የአዲስ አበባው ሱቅ የቆመው በእሷም ጉልበት ነው፣ ይህ ደግሞ እስካሁን በቅጡ አልተነገረላትም። አክስትህ እንሰት ስትፍቅ አጠገቧ ቁጭ በል። ወንድ ሆነህ መቀመጡ ካስቸገረ እህትህን ይዘህ ሂድ።

«ማንነትህ ምንድን ነው» ብለህ ማንንም አትጠይቅ፤ የተጠና መልስ ነው የምታገኘው። ይልቅ ለመስቀል በሬው የተገዛው በማን ብር እንደሆነ፣ ባለፈው ዓመት ማን ለማን ምን እንደላከ ጠይቅ። የእድሩን መዝገብ ልታይ ስትል ደግሞ አባትህ አባል ነው ብለህ ዝም ብለህ አትግለጠው፣ መጀመሪያ ዳኛውን አስፈቅድ፤ የተጣላና መዋጮ ያልከፈለ ሰው ስም ጽሑፍህ ውስጥ እንዳይገባም ተጠንቀቅ።